ከግንቡ ወዲህ የመጡ ወፎች

ጁላይ 4፣ ዓርብ

ዛሬ ማዶ አስራ ስድስት ደረሱ። የቆጠርኩት እኔ አይደለሁም፤ የእህቴ ሠራተኛ ቤርታሊና ናት ጮክ ብላ የምትቆጥረው። «እትዬ ኤልቪያ፣ ያቺ አንገተ ሐምራዊዋ ተመልሳ መጣች! አስራ ስድስት!» ትላለች፤ እህቴ አልጋዋ ላይ ሆና ትስቃለች። ዳሌው የተሰበረ ሰው እንዲህ ይስቃል? ባለፈው ወር ደረጃ ላይ ወድቃ ከተኛች ጀምሮ አልጋዋን ወደ ግቢው መስኮት አስጠግተውላታል። መስኮቱ ላይ የስኳር ውሃ በጠርሙስ ሰቅለውላታል። ኮሊብሪዎቹ እየመጡ አፍንጫዋ ሥር ይጠጣሉ አሉ። አውራ ጣት የማታክል ወፍ፣ ይሄን ያህል ምን ያስቃል?

ግንቡ የእማማን ቤት ለሁለት ከከፈለው አስራ አንድ ዓመቱ ነው። ድምፅ ግን አይከፍልም። ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ማዞሪያ ላይ የተቀመጠ ጆሮ ደግሞ ጡረታ አይወጣም። ልስማ ብዬ አይደለም የምሰማው።

ወደ እኔ አንዲት እንኳ አልመጣችም። በአናቴ ላይ አቋርጠው ወደ እሷ ያልፋሉ። ለነገሩ እኔን ምን ገዶኝ።

ጁላይ 6፣ እሑድ

ከቅዳሴ ስመለስ ሦስት ጽጌረዳ ገዛሁ። ኩረጃ አይደለም። ግቢዬ ባዶ ስለሆነ ነው።

በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ሲያወሩ ሰማሁ፤ «እህትየዋ ተኝታ አንድ ቀን እንኳ ጠይቃት አታውቅም፤ ግንብ ለግንብ ሆነው!» ዞር ብዬ ደህና ዋላችሁ አልኳቸው።

ጁላይ 9፣ ረቡዕ

ዶን ጊልዳርዶ ችግኝ የሚሸጥበት በረንዳ ሄድኩ። ጽጌረዳዎቼን ስነግረው እስኪያስለው ሳቀ።

«እትዬ ኦዲላ፣ ጽጌረዳ ለሰው ነው። ለኮሊብሪ የታሸገ ቤት ማለት ነው። ምንቃሩን አላዩትም? ቱቦ ነው የሚፈልገው፤ ረጅም፣ ቀይ፣ ቁልቁል የሚንጠለጠል አበባ። ለመሆኑ ድንገት ወፍ ወዳጅ የሆኑት ምን ነክቶዎት ነው? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንዳይሆን ብቻ!»

«ዶሮዎን እዚያው ይያዙልኝ፤ ችግኙን ይስጡኝ» አልኩት።

ስድስት ሰጠኝ። ስለ ወፎቹም ነገረኝ፤ ወሬኛ ቢሆንም ያውቃል። በየሩብ ሰዓቱ ካልበሉ ይሞታሉ አለ። ማታ ሰውነታቸው ይቀዘቅዝና ልባቸው መምታቱን እንኳ መለየት ያስቸግራል፤ ሬሳ ናቸው ብሎ የሚጥላቸው ሰው አለ፤ ፀሐይ ስትነካቸው ነው የሚነሡት። ደግሞ ወዳጅ የላቸውም። አንዱ አበባ ካገኘ ቀኑን ሙሉ ሌላውን ሲያባርር ይውላል።

«ታዲያ አስራ ስድስቱ አንድ መስኮት ላይ እንዴት ተስማምተው ይጠጣሉ?»

«ድርቅ ነዋ፣ እትዬ ኦዲላ! ተራራው ላይ አበባ የለም። ሲርባቸው ይቻቻላሉ።»

ሁለት ጠርሙስም ገዛሁ። አንድ እጅ ነጭ ስኳር፣ አራት እጅ ውሃ፤ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፤ በሦስት ቀን መለወጥ፤ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ ማጠብ። «ሌላ ምንም!» አለ ጣቱን ቀስሮ። እንደ ልጅ ነው የሚያየኝ።

ጁላይ 13፣ እሑድ

ችግኞቹን ተከልኩ። ውሃ በቀን ሁለት ሰዓት ብቻ ነው የሚለቁልን፤ የሳህን እጣቢ እያጠራቀምኩ አጠጣቸዋለሁ። ወገቤ አልቋል። ከሰዓት በኋላውን በሙሉ ወንበር አውጥቼ ተቀመጥኩ። ማንም አልመጣም።

ጁላይ 16

አልመጡም።

ጁላይ 17

አልመጡም። ሙቀት። ማዶ ሳቅ።

ጁላይ 20፣ እሑድ

መጣች!

የነፃነት ቀን ሰልፉን ለማየት ሰው ሁሉ አደባባይ ወጥቷል፤ መንደሩ ጭር ብሏል። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፁን ነው፣ እንደ ትንሽ የስፌት መኪና። ቀና ስል ከፊቴ አየር ላይ ቆማለች። መብረሯ አይደለም፣ ቆማለች። ክንፏ አይታይም። አረንጓዴ ናት፣ ስትዞር ግን ጉሮሮዋ እሳት ይሆናል። አበባውን ሳይሆን እኔን ነበር የምታየው።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አልኳት። ድምፄ ሻክሮ ወጣ። ለካ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ ከማንም ጋር አልተናገርኩም። የዚህን ቤት ደፍ መጨረሻ የረገጠው ማን ነው ብዬ አሰብኩ፤ የመብራት ቆጣሪ የሚያነበው ሰውዬ ነው። በማርች።

ሁለት አበባ ቀምሳ ሄደች። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። በወፍ! እርጅና ነው።

ጁላይ 23፣ ረቡዕ

ጠርሙሱን ሰቀልኩ። ሁለቱንም።

ነጭ ስኳር ላፈላ ምድጃው ላይ ውሃ ጥጄ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። በዚህ ቤት እንግዳ ነጭ ስኳር ተበጥብጦለት አያውቅም። ፖሊስም ይምጣ ግብር ሰብሳቢ፣ እማማ መጀመሪያ ፓኔላ፣ ያልነጣውን የሸንኮራ ስኳር፣ አፍልታ ነው ቁጭ በል የምትለው። «ነጭ ስኳር የሚሰጠው ቶሎ እንዲሄድ ለሚፈለግ ሰው ነው» ትል ነበር። ዶን ጊልዳርዶ የከተማ ሰው ነው፣ እንግዳ መቀበል ከየት ያውቃል?

ከሸንኮራ መጭመቂያው የመጣውን ጥቁሩን ፓኔላ፣ ለገና ያስቀመጥኩትን፣ ግማሹን ፈቅፍቄ አፈላሁት። አወፈርኩት ደግሞ። ቤቱ ሁሉ ሸተተ። እንግዳ የሚጠበቅበት ቤት መሰለ።

ጁላይ 27፣ እሑድ

ሃያ ሁለት!! ምሳዬን ሳልበላ ቆጠርኩ። ይጋፋሉ፣ ይባረራሉ፣ ይመለሳሉ። አሬፓዬ፣ የበቆሎ ቂጣው፣ ምድጃው ላይ ከሰል ሆነ።

ማዶ ቤርታሊና አራት ላይ ቆማለች። እህቴ ስትጠይቅ ሰማኋት፤ «ዛሬ ምን ሆነው ነው? ስኳሩ አነሰ?»

እሰይ አልኩ። ማንም ስለማያነበው ልጻፈው፤ እሰይ ብያለሁ።

ኦገስት 2፣ ቅዳሜ

በር ተንኳኳ። ቤርታሊና ናት፣ ሽርጧን እንዳሸረጠች።

«እትዬ ኦዲላ፣ ወፎቹ ወደ እርስዎ ነው እንዴ የሚመጡት? እትዬ ኤልቪያ ጠይቂልኝ ብለውኝ ነው። እሷ ጋ ከሆኑ ደስ ይለኛል፣ ቢያንስ አልሞቱም አሉ።»

«የምን ወፍ?» አልኳት።

ይሄኔ ሦስቱ በትከሻዬ አልፈው ወደ ጠርሙሱ ሄዱ። ቤርታሊና አየቻቸው፤ መሬት መሬት አየች።

«ጎራ ቢሉም ደስ ይላቸዋል» አለች ቀስ ብላ። «ቀኑ አይገፋላቸውም።»

ኤልቪያ እንዲህ አላለችም። ቤርታሊና ከራሷ ጨምራ ነው። ብትፈልገኝ ስልክ አላት። ቁጥሬን ታውቀዋለች።

ኦገስት 7፣ ሐሙስ

በዓል ነው። ሱቁ ሁሉ ዝግ። እንቅልፍ የለኝም፣ ስለዚህ ልጻፍ።

ኤልቪያ ግንቡን ያሠራችው በስልኩ ምክንያት ነው። ባሏ ሲሞት ከቦጎታ ተመልሳ ድርሻዋን ወሰደች፤ የመጀመሪያ ቃሏ «ለምን አልደወልሽልኝም?» ነበር። ከመጣሽ እንኳን ደህና መጣሽ አልኳት፣ መስመሩ ተበላሽቶ ነበር አልኳት። እማማ የሞተችው ከአስራ አራት ዓመት በፊት በዝናብ ወራት ነው። በዝናብ መስመር ይበላሻል፤ ማንም የሚያውቀው ነው። ኤልቪያ የደረሰችው ከቀብሩ በኋላ ነው። እኔ ምን ላድርግ?

ዘጠኝ ዓመት ያገላበጥኳት እኔ ነኝ። ያጠብኳት፣ ያበላኋት። ኤልቪያ ለገና ፖስታ ካርድ ትልክ ነበር፣ እማማ ትራሷ ሥር ታስቀምጠዋለች። የእኔን እጅ ግን ትራስ ሥር የሚያስቀምጥ የለም።

መስመሩ ተበላሽቶ ነበር። ዝናብ ነበር።

ኦገስት 10፣ እሑድ

አንዲቱ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣ ዋለች። ላባዋን ነፍታለች። ምላሷ ወጥቷል፣ አይገባላትም። ሙቀቱ ይሆናል። ፓኔላውን ትንሽ አወፈርኩላቸው፣ አቅም እንዲያገኙ።

ኦገስት 12፣ ማክሰኞ

ጠዋት ሦስት መሬት ላይ አገኘሁ። ማታ ይቀዘቅዛሉ ስላለኝ ፀሐይ ላይ አስቀመጥኳቸው። እስከ እኩለ ቀን ጠበቅኩ። ጉንዳን መጣ።

አንዷን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ዶን ጊልዳርዶ ሮጥኩ። ምንቃሯን በስንጥር ከፈተው። ምላሷ አብጧል፣ ነጭ ነገር ለብሷል። ጠርሙሱን ያምጡ ሳይለኝ የፓኔላ ሽታዬ ነግሮት መሆን አለበት።

«እትዬ ኦዲላ፣ ምን አጠጧቸው?»

«ፓኔላ።»

ባርኔጣውን አወለቀ፤ እንደ ለቅሶ ቤት። አልቀለደም፣ ቢቀልድ ይሻለኝ ነበር። ፓኔላ ቶሎ ይሻግታል፣ ሻጋታው ምላሳቸውን ይይዛል፣ ምላሱ የታሰረ ወፍ ደግሞ በረሃብ ነው የሚሞተው አለኝ። «እነዚህ የእርስዎ ብቻ አይደሉም፤ የመንደሩን ጠርሙስ ሁሉ የሚዞሩ ናቸው። እዚህ የጠጣው እዚያም ያጋባል።»

እንግዳዬን ያከበርኩ መስሎኝ።

ኦገስት 13

ጠርሙሶቹን አወረድኩ። ሰባት ቀበርኩ። ማዶ ቤርታሊና መቁጠር አቁማለች።

ኦገስት 16፣ ቅዳሜ

የኤልቪያ ልጅ ያዲራ ከቦጎታ መጣች። ድምፅዋ የአባቷ ነው፣ ግንብ ይበሳል።

«ይሄን ጠርሙስ መቼ ነው ያጠብሽው? ምን ያህል ከባድ ሥራ ነው? እማዬ ዓይኗ እያየ ወፉ እጇ ላይ ሞተባት እኮ!»

«በሦስት በሦስት ቀን አጥባለሁ፣ እትዬ ያዲራ። እግዜር ምስክሬ ነው፣ በፈላ ውሃ።»

«እግዜርን ተዪውና ንጽሕናሽን ያዢ!»

ቤርታሊና ስታለቅስ ሰማሁ። የእቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ ነበር፤ ውሃው ሲፈስ አላስተዋልኩም። የዛሬው ውሃ በሙሉ ፈሰሰ።

ኦገስት 18፣ ሰኞ

አሰናበቷት። ሄጄ እነግራቸዋለሁ ብዬ ጫማዬን አድርጌ ነበር። ምን ይለወጣል? ሌላ ሥራ ታገኛለች፤ ጠንካራ ሴት ናት።

መንገድ ላይ ፌስታሏን ይዛ አገኘኋት። «ደህና ይሁኑ፣ እትዬ ኦዲላ። እህትዎን አይርሷቸው» አለችኝ። ጠርሙሶቼን በዓይኗ ያየች ሴት ናት። አንድ ቃል አልተናገረችም። ለምን አልተናገረችም?

ኦገስት 21፣ ሐሙስ

የሰማሁት እንዲህ ነው፣ ቃል በቃል።

ያዲራ፦ «እማዬ፣ ቦጎታ እኔ ጋ ነይ ብዬ ስንቴ ልለምንሽ? ሕንጻው አሳንሰር አለው፣ ሐኪሙ ጎረቤት ነው።»

ኤልቪያ፦ «እሺ።»

ያዲራ፦ «እሺ? እውነትሽን ነው?»

ኤልቪያ፦ «እዚህ ምን ይጠብቀኛል? ወፎቹ እንኳ ጥለውኝ ሄዱ። እሑድ ከሳምንት ውሰጂኝ።»

ወፎቹ አልጣሉሽም፣ አንቺ ሴት። ወፎቹ ሞተው ነው። ይህንን ለግንቡ ነገርኩት።

ኦገስት 24፣ እሑድ

እስከ በሯ ሄድኩ። እጄን አነሣሁ፣ አላንኳኳሁም። አንድ ሳምንት ቀርቷል።

ካልነገርኳት የተተወች መስሏት ትሄዳለች። ከነገርኳት ደግሞ ጠልታኝ ትሄዳለች። ሁለቱም መሄድ ነው። ዝም ማለት ይቀላል፤ ዝም ማለት ለምጄዋለሁ።

ኦገስት 27

አይ ኦዲላ። ለሰው ሞት አነሰው።

ኦገስት 29፣ ዓርብ

ነገርኳት። ሳይጠፋኝ ልጻፈው።

ያዲራ ለመንገድ የሚሆን ነገር ልትገዛ ስትወጣ ጠብቄ ገባሁ። በሩ አልተቆለፈም። ኤልቪያ አልጋው ላይ ትራስ ተደግፋ ነበር፤ እንዲህ ከስታለች ብሎ የነገረኝ የለም። ፀጉሯ ሁሉ ሸብቷል። የእኔም እኮ ሸብቷል፤ እሷም አየችው።

«አስራ አንድ ዓመት ሙሉ መንገዱ ጠፍቶሽ ነበር?» አለች።

«ግንብ ነበረበት።»

«ቤቱ በር አለው እኮ።»

ቁጭ በይ አላለችኝም። ቆሜ ነገርኳት። «ወፎቹን የገደልኳቸው እኔ ነኝ። ቤርታሊና አይደለችም። ፓኔላ ነው ያጠጣኋቸው።»

«ፓኔላ?»

«እንግዳ ናቸው ብዬ።»

ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየሁት ድምፅ አወጣች። «የእማማ ልጅ!» አለች። «ነጭ ስኳር ለማይወደድ ሰው ነው!» አብረን አልነው ማለት ይቻላል። አንዲት ደቂቃ፣ ያቺን አንዲት ደቂቃ፣ የተረፍኩ መሰለኝ።

ከዚያ ዓይኗ ተለወጠ። «መቼ አወቅሽ?»

«አስራ ሰባት ቀን ሆነኝ።»

«ቤርታሊና ስትባረር?»

«አውቅ ነበር።»

«ልሂድ ስል? በዚህ ግንብ እንደምትሰሚኝ የማላውቅ መሰለሽ?»

«አውቅ ነበር።»

«አንቺ እኮ ማወቅ አንሶሽ አያውቅም» አለች። «ሁልጊዜ ታውቂያለሽ፣ ሁልጊዜ ትሰሚያለሽ። የማትናገሪ ሆነሽ ነው እንጂ።»

መሄድ እችል ነበር። ስለ ወፎቹ ጨርሻለሁ። አፌ ግን ሌላውን አወጣው፤ «መስመሩ አልተበላሸም ነበር» አልኳት።

«የትኛው መስመር?»

የትኛው እንደሆነ ታውቃለች። እንድናገረው ፈልጋ ነው። ተናገርኩት፤ እማማ ሦስት ቀን ሙሉ ስትጣጣር ማዞሪያው ፊት ለፊቴ እንደነበር፣ የቦጎታ መስመር እንደ መስታወት ጥርት ያለ እንደነበር፣ ገመዱን አንሥቼ መልሼ እንዳስቀመጥኩት። «ስምሽን ነው የጠራችው፣ ኤልቪያ። ሦስት ቀን ኤልቪያ፣ ኤልቪያ። የእኔን አንዴም አልጠራችም። አንቺ ብትመጪ ዓይኗን ከፍታ አንቺን ታያለች፣ እኔ ደግሞ በፎጣ የምጠርጋት ሰው ሆኜ እቀራለሁ። ለእኔ ብቻ እንድትሞትልኝ ፈለግሁ።»

ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ማዶ፣ በእኔ ግቢ፣ የቧንቧው ውሃ ሲመጣ ሰማሁት። ለካ እሷም ይሄን ሁሉ ዓመት እኔን ስትሰማ ነበር የኖረችው።

«ውጪልኝ» አለች። አልጮኸችም።

ወጣሁ።

ኦገስት 31፣ እሑድ

ሄደች። ያዲራ ከሾፌሩ ጋር ደግፈው አስገቧት። በመስኮቴ መጋረጃ ሥር ቆሜ ነበር። ወደ እኔ አልተመለከተችም።

መኪናው ከታጠፈ በኋላ በር ተንኳኳ። ቤርታሊና! ኤልቪያ ትናንት በሰው አስጠርታ ይቅርታ ጠይቃታለች፤ በቦጎታም ለያዲራ ጎረቤት ሥራ ተገኝቶላታል፣ በሚመጣው ሳምንት ትሄዳለች። አቅፌያት ይቅር በዪኝ አልኳት። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አይደል የሚባለው» አለች፤ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችኝ፣ እንደ ሕፃን።

ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ቁልፍ አወጣች።

«እትዬ ኤልቪያ እርስዎ ጋ ይቀመጥ ብለዋል። የሁለቱንም ግቢ ጠርሙስ፣ በፈላ ውሃ፣ በሦስት ቀን። ነጭ ስኳር ብለዋል። እሱን ሁለት ጊዜ ነው የደገሙልኝ።»

«ሌላስ ምን አለች?»

«ሌላ ምንም አላሉም፣ እትዬ ኦዲላ።»

ሴፕቴምበር 3

አፈላሁ። አቀዘቀዝኩ። ሰቀልኩ። እዚህ ሁለት፣ እዚያ ሁለት። ዝምታ። ከማዶ የሚሰማ ነገር ስለሌለ የራሴ እግር ያስደነግጠኛል።

ሴፕቴምበር 6

የእሷን አበባዎች አጠጣሁ። አልጋውን ወስደውታል፤ ወለሉ ላይ የእግሮቹ ምልክት ቀርቷል። በእሷ መስኮት በኩል ወንበር አስቀምጬ ጠበቅኩ። አንድም አልመጣም።

ሴፕቴምበር 9፣ ማክሰኞ

አንዲት። በእሷ መስኮት። ሁለት ጊዜ ጠጥታ ሄደች። ምላሷ ደህና ነው፣ አጥብቄ አይቻለሁ። ለማን ልንገረው? ግንቡ ጋ ሄጄ አፌን ከፍቼ ነበር።

ሴፕቴምበር 14፣ እሑድ

አራት ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። የቁጥር ስህተት መስሎኝ ቶሎ አላነሣሁትም።

ሰላምታ የለም፣ ደህና ነሽ ወይ የለም። «እሺ፣ መጡ?» አለች ኤልቪያ።

ስድስት ልላት ምላሴ ላይ ነበር። ስድስት፣ ስምንትም ብላት ማን ያያል? ደስ ይላታል። እሑድ ነው፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ናት፣ ሐኪሙ ጎረቤት ነው፣ አሳንሰር አለው።

«አልመጡም» አልኳት። «ማክሰኞ አንዲት መጥታ ነበር። ከዚያ ወዲህ የሉም።»

ስልኩን አልዘጋችም፤ እኔም አልዘጋሁም።